የቀይዋ ፕላኔት ነጂ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤቴ ጀርባው ወደ ኋላ የረዘመ የድሮ የኮምፒውተር ስክሪን ታቅፎ በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይሠራል ወይስ ለቆራሌው ልስጠው?» አለኝ። የካ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የገጠመው ሰው ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል። ሶኬቱን ሰካሁት። መጀመሪያ ጠቅ አለ፤ ከዚያ ከሆዱ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ድምፅ ወጣ፤ መስተዋቱም ቀስ እያለ ከጥቁር ወደ ግራጫ ነጣ። መዳፌን ሳስጠጋው የክንዴ ፀጉር ብድግ አለ፤ የጣቶቼን ጫፎች ጠጠጠጥ የሚል ነገር ነካካቸው። የሞቀ አቧራ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ምነው? ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ ጎረቤቴ።

«ይሠራል» አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ? እንዲህ ያለ መስተዋት ፊት፣ እንዲህ ያለ ሽታ ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቤ ትቀመጥ ነበር ብዬ ብነግረው ምን ይገባዋል? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

አስቀድማችሁ እኔ ማን እንደነበርኩ ማወቅ አለባችሁ። ከትምህርት ቤት ጋር የተለያየነው በጊዜ ነው፤ ያሳደገችኝ አክስቴ አቅም አልነበራትም። ቢሆንም ማንም ሳያስተምረኝ የአክስቴን ሬዲዮ ፈትቼ ገጠምኩ። ማንም ሳያስተምረኝ መዝገበ ቃላት ይዤ እንግሊዝኛ ማንበብ ቻልኩ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ወደ ሰፈራችን ሲመጣ፣ ሌላው ሰው በእጁ መንካት ሲፈራ፣ እኔ ክዳኑን ከፍቼ አቧራውን በዶሮ ላባ ጠርጌ መልሼ አስነሣሁት። በዚህ በየካ ተራራ ሥር ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። አይደለህም የሚል ካለ ይምጣ ብያለሁ፤ እስከ ዛሬ አልመጣም።

በዚያን ጊዜ ሠላሳዎቹን አጋምሼ ነበር፤ አላገባሁም። ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው በሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ አንዲት የታይፕና የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነበረች። አስተማሪውም፣ ጠጋኙም፣ ቁልፍ ያዡም እኔ ነበርኩ። ባለቤቱ ደህና ሰው ነበር፤ ኮምፒውተሮቹን ግን እንደ ተራጋጭ በቅሎ ከሩቅ ነበር የሚያያቸው። «አንተ ካለህ እኔ ምን ቸገረኝ» ይለኝ ነበር። ልክ ነበር።

ጌሙን ያገኘሁት ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ለማሠልጠኛው ከሸጠው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ እኔው ስፈታትሽ ነው የወጣው። አየር የሌላት፣ አፈሯ እንደ በርበሬ የቀላ ፕላኔት አለች። ተጫዋቹ መሬት ሳይነካ ተንሳፍፎ በሚሄድ ታንክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ ሸለቆውንና ኮረብታውን ያያል፤ ጠላት ሲመጣ ይተኩሳል። እስከዚህ ድረስ እንደ ማንኛውም የተኩስ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ያው ሰውዬ በዚያው ሰዓት የጦሩ አዛዥ ነው። ቁርጥራጭ ብረት የሚለቅሙ መኪኖችን ያሰማራል፤ ብረቱን ለፋብሪካው ያስረክባል፤ ፋብሪካውን ሌላ ታንክ ሥራ ብሎ ያዛል፤ የተሠራውን ታንክ «አንተ እዚህ ጠብቅ፣ አንተ እዚያ ሂድ» እያለ ይልካል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጨዋታው ቆሞ አይጠብቀውም። እሱ ሲተኩስ ፋብሪካው ያለበት ቤቱ ይራባል፤ ቤቱን ሲያደራጅ ጠላት መጥቶ እሱን ያቃጥለዋል። ከፈለገ ታንኩን ትቶ ረጅም ማማ ላይ መውጣት ይችላል። ማማው ላይ የወጣ ሰው ሸለቆውን በሙሉ እንደ ካርታ ያያል፤ መኪኖቹ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመሱ ያያል፤ አንድ ጥይት ግን መተኮስ አይችልም።

ከሰፈሩ ወጣቶች ያልሞከረው አልነበረም። ሁሉም ተሸነፈ። እኔም እሸነፍ ነበር፤ ግን ከሁሉም ዘግይቼ ነው የምሸነፈው።

እሷ የመጣችው ታይፕ ልትማር ነው። ቤተሰቦቿ ከከተማው ጫፍ፣ ካራ የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ እቤት ኦሮምኛ፣ ደጅ አማርኛ የሚናገሩ። መንገዱን አብዛኛውን በእግሯ ነው የምትጨርሰው። ስትገባ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ከሹራቧ ጋር አብሮ ይገባል፤ ከጎን ካለው የትኩስ ዳቦ ሽታ ጋር ይደባለቅና ክፍሏን የሌላ አገር ያደርጋታል። ስሟን አልጠራም፤ ባልና ልጆች ያሏት ሴት ናት። ነጂዋ እላታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ወጥተው እሷን ዝናብ አስቀራት። እኔ ጨዋታውን ከፍቼ ነበር። ኮረብታ ላይ ወጥቼ ስወርድ ታንኬ ይንሸራተትና ገደል ይገባል፤ እንደገና እጀምራለሁ፤ እንደገና ይገባል። ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና፦

«ቲቸር፣ አህያ ነድተው አያውቁም?» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ቁልቁለት ቀጥ ተብሎ ይወረዳል እንዴ? ሰያፍ ነው እንጂ። ጭነቱ'ኮ ይዞዎት ይሄዳል።»

እኔ ምክር ከማንም አልወስድም። ልቀልድባት ብዬ ከወንበሩ ተነሣሁና «በይ አሳዪኝ» አልኳት። ጆይስቲክ የምትባለውን የመንጃ ዱላ ያዘች። ኮረብታውን በሰያፍ፣ ቀስ ብላ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያለች አወረደችው። ታንኩ አልተንሸራተተም። ዝናቡ ሲያባራ እንኳ አላየችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ተካፈልነው። ይህን ዘዴ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በጨዋታው መመሪያ ውስጥ የለም። እሷ ዱላውን ይዛ ትነዳለች፣ ትተኩሳለች። እኔ ኪቦርዱን ይዤ አዛለሁ፣ እገነባለሁ፣ እልካለሁ። አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ነበር የምንቀመጠው። ሠልጣኞች ከኋላ ቆመው ያዩናል፤ የዳቦ ቤቱ ሠራተኛም ዱቄቱን ሳያራግፍ መጥቶ በሩን ይደገፋል።

«ወደ ግራ! ግራ አልኩሽ!»

«ግራው ገደል ነው! ከፈለጉ እርስዎ ይግቡበት!»

«እኔ ነኝ አዛዡ!»

«አዛዡ ዓይን የለዎትም እንዴ?»

ሰው ይስቃል። ከዚያ በኋላ ስሜ አዛዡ ሆኖ ቀረ።

ብረት ለቃሚዎቹ መኪኖች ቀርፋፋ ነበሩ። ጠላት እየመጣባቸው እንኳ ቀስ ብለው ነው የሚመለሱት። እሷ ታንኩን ከፊታቸው አቁማ እየተኮሰች «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ኮቱ» ትላቸዋለች፤ በኦሮምኛ ና ማለት ነው፤ ማታ ከብት ሲገባ እንደሚባለው። መኪኖቹ አይሰሟትም። የመመለሻውን ቁልፍ የምጫነው እኔ ነኝ። ነገር ግን ቆይቶ ቆይቶ እሷ «ኮቱ» ስትል ጣቴ ሳላዘው ይሄድ ጀመር።

አንድ ቀን ደግሞ ታንኩ ተከቦ፣ መስተዋቱ በሙሉ በእሳት ቀልቶ ሳለ «አንተ! ከኋላ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሁለታችንም ደነገጥን። ታንኩ ተቃጠለ። ማንም አላስተዋለም፤ እኔ ግን ጆሮዬ እስኪግል ሰምቼዋለሁ። ከዚያን ቀን በኋላ እርስዎ ብላኝ አታውቅም።

ዘመቻዎቹን አንድ በአንድ ጨረስናቸው። እንደ እኛ የተጫወተ ሰው በዚህ ከተማ ነበር ብዬ አላምንም። የመጨረሻው ብቻ ቀረን፤ ትጥቅ የጫኑ መኪኖችን በረጅም ሸለቆ አሳልፎ ጠላት ሳይቀድም ማድረስ ነበር። እሱ አልሆነልንም። የምልካቸው መኪኖች መንገድ ላይ የወደቀ ብረት ካዩ የተላኩበትን ረስተው ሊለቅሙ ይቆማሉ። ሂዱ ብላቸው እሺ ይሉኛል፤ ዞር ስል ቆመዋል። ጨዋታውን የሠራው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የፋሲካ ጾም ሊፈታ ሲል፣ የአሥር ሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ኪቦርዱ ላይ በተኛችበት አንድ ቀን፣ ዓይኗን ከመስተዋቱ ሳታነሣ፦

«ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ እኛ ቤት ሰው ይመጣል» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ሽማግሌ ነዋ። ለእህል ነጋዴው ልጅ። ከሰዓት በኋላ እንመጣለን ብለው ልከዋል።»

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። መኪኖቼ ሸለቆው ውስጥ ቆመው ቀሩ።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ? አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም።» ታንኩን አቆመች። «ሌላ ሽማግሌ ቀድሞ ከገባ ግን ለሱ መልስ ሳይሰጥ ሌላውን አይሰማም። አባቴን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «አዛዡ፣ የምትልካቸው ሰዎች የሉህም?»

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ሚስቱን በራሱ አፍ አይጠይቅም። ብቻውን የሄደ እንደሆነ ሰው የለኝም ማለቱ ነው፤ ሰው ለሌለው ደግሞ ልጅ አይሰጥም። እኔ በእርግጥ አባት የለኝም፤ አጎት የለኝም። ነገር ግን በዚህ ሰፈር ሬዲዮውን፣ ቴፑን፣ ካውያውን ያልጠገንኩለት ማን አለ? ሦስት ሰዎች መረጥኩ። አንደኛው የደብራችን ቄስ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ከሞት ያስነሣሁላቸው። ሁለተኛው የዕድራችን ዳኛ፣ ንግግራቸው ድንጋይ የሚያለሰልስ። ሦስተኛው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ጎረቤቴ፣ ከማንም ጋር በአፍታ የሚወዳጅ፤ ኦሮምኛውም እንደ ውኃ የሚፈስ። ሽማግሌ አመራረጥ ከእኔ ይማሩ። ከዚህ የተሻለ ቡድን ወደ ማንም ቤት ሄዶ አያውቅም።

ሦስቱም እሺ አሉኝ፤ ደስም አላቸው። ጾም ላይ ሽማግሌ አይላክም፤ በፋሲካው ሳምንት ደግሞ ቄሱ በየቀኑ ቅዳሴ ስለነበረባቸው ከእሁድ ጠዋት በፊት መሄድ አልተቻለም። ቢሆንም ቅዳሴ እንደወጣ ከተነሡ ከእኩለ ቀን በፊት ይደርሳሉ፤ እነዚያ ደግሞ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ታክሲ ላይ ላሳፍራቸው ሄድኩ። ልሳፈር ስል የዕድሩ ዳኛ በከዘራቸው ደረቴን ገፋ አደረጉኝ።

«አንተ ወዴት ነው?»

«እስከ ካራ ልሸኛችሁ ብዬ ነው።»

«አግቢው ራሱ ከሽማግሌ ኋላ ሲከተል ቢታይ የእኛም ያንተም ፊት ይጠፋል። ሂድ ቤትህ ተቀመጥ። ሥራው የእኛ ነው።»

ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም። በአቋራጭ፣ ከላይ በተራራው በኩል፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ ሄድኩ። ካራን ከላይ የሚያሳይ ቦታ ላይ ስደርስ ላቤን ጠርጌ አንድ ግንድ ሥር ተቀመጥኩ። ዛሬ እዚያ ብትቆሙ የሚታያችሁ ቆርቆሮና ፎቅ ብቻ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ እስከ የካ አባዶ ድረስ ሄዷል። ያኔ ግን ሁሉም እንደ መዳፍ ይታይ ነበር። የጭድ ክምሮቹ፣ ጅረቱ፣ ከታክሲ ማቆሚያው ተነሥቶ በጅረቱ ዳር የሚሄደው የእግር መንገድ። መንገዱ ጫፍ ላይ ቤቷ። በስተ ሌላው በኩል ሰፊው የአፈር መንገድ። የእግር መንገዱ መሐል ላይ ደግሞ አንድ ድንኳን።

ድንኳኑን አይቻለሁ፤ ምንም አላሰብኩም። 

ነፋሱ ቅጠሉን ሲያንሿሿው የነበረው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሦስት ነጫጭ ነገሮች ከታክሲው ማቆሚያ ብቅ አሉ። የቄሱን ጥምጥም ለየሁት፤ የሾፌሩን አነካከስ ለየሁት። መንገድ ላይ አንድ ሰው አቁሞ ሰላም አላቸው፤ ሰላምታው አላልቅ አለ። «ሂዱ» አልኩ። ሄዱ። ጅረቱን ተሻገሩ። ድንኳኑ ጋ ደረሱ። ከውስጥ አንድ ሰው ወጥቶ እጅ ነሣቸው። ሦስቱም ቆሙ፤ ተያዩ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ገቡ።

እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብለው ይወጣሉ አልኩ። አልወጡም።

ጥላዬ አጠረ፤ ቆይቶም በሌላው ጎን መርዘም ጀመረ። ድንኳኑ ሰው ይውጣል፣ ሰው ይተፋል፤ የእኔ ሦስት ሰዎች ግን አይታዩም። በዚህ መሐል እሷ ወደ ግቢው ወጣች። ከዚያ ሁሉ ርቀት በአረማመዷ አወቅኳት። ቆመች። እጇን ከግንባሯ በላይ አድርጋ፣ ፀሐይዋን ከልላ፣ በጅረቱ ዳር ያለውን መንገድ አየች። ገባች። ደግሞ ወጣች። ደግሞ አየች።

ተነሥቼ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። አንድ ውሻ መለሰልኝ እንጂ ሌላ የሰማኝ የለም።

ከድንኳኑ አንድ ረጅም ሰውዬ ወጥቶ በችኮላ ወደ ቤቷ ሄደ። ማን እንደሆነ አላወቅኩም። እሷም ከኋላው ተከትላ ገባች። ወዲያው በሰፊው መንገድ ላይ አቧራ ተነሣ። ነጭ ፒካፕ መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጋቢ የለበሱ አራት ሽማግሌዎች እየተደጋገፉ ወረዱ። በሩ ተከፈተላቸው።

ሮጥኩ። እስከ ጫካው ጫፍ ድረስ፣ ጫማዬ በኮረት እየተንሸራተተ፣ ቁልቁል ሮጥኩ። የመጨረሻው ዛፍ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ብገባስ ምን እላለሁ? ሽማግሌ በተቀመጠበት ቤት ብቻውን ዘሎ የገባ ወንድ እብድ ነው። እብድ ብባል ግድ አልነበረኝም። እሷን ግን ምን ይሏታል? «ተራራ ላይ ወንድ ይጠብቃት ነበር» ይሏታል፤ ያንን ይዛ ነው የምትኖረው። ዛፉን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሙጫው መዳፌ ላይ ተጣበቀ። እኔ በአንድ ጣቴ ፋብሪካ የማቆም ሰው፣ ያን ቀን የማዘው አንድ ነገር አልነበረኝም።

ፒካፑ ሄደ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሦስቱ ሰዎቼ ከድንኳኑ ወጡ። ወደ ቤቷ አልሄዱም። ወደ ታክሲው ማቆሚያ ተመለሱ።

ማምሻውን የዕድሩ ዳኛ ቤት አገኘኋቸው። ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር፤ መልካም ሥራ ሠርቶ የገባ ሰው ደስታ።

«ገባችሁ?» አልኳቸው፣ ያየሁትን ሁሉ እንዳላየ ሆኜ።

«እንዴት እንገባለን!» አሉኝ ዳኛው። «ሰው ሞቶ፣ ሳልስቱ እንኳ ሳይሞላ፣ ድንኳኑን እያየን እንለፍ? ሰው ነን'ኮ።»

«እሺ፣ ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያማ» አሉ ቄሱ፣ «ከለቅሶ ቤት ተነሥቶ ልጅ ስጡን ይባላል ወይ ልጄ? ኀዘን የዋለበትን እግር ይዞ ደስታ ቤት አይገባም። በሚቀጥለው እሁድ እንመለሳለን።»

ሾፌሩ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። «አንተ ምን አስጨነቀህ? አባትየውን'ኮ አግኝተነዋል! አጠገቤ ነበር የተቀመጠው። ወርቅ የሆነ ሰው! እግሬን ሲያመኝ አይቶ ፍራሹን የለቀቀልኝ እሱ ነው።»

«አጠገብዎ?» አልኩ። «ታዲያ ምን አሉት?»

«ለቅሶ ቤት ምን ይባላል? ስለ በልጉ ዝናብ ተጫወትን። ንፍሮ አብረን በላን። እንግዳ ይመጣብኛል ብሎ ቀደም ብሎ ተነሣ እንጂ ልንለያይም አልፈለግን። በቃ፣ ዘመድ ሆነናል በለው!»

ምን ልበላቸው? በነጻ፣ በፍቅር፣ በዚያ ፀሐይ የሄዱልኝ አባቶች ናቸው። ደግሞ ልክ ናቸው። ድንኳኑን አልፈው ቢሄዱ ኖሮ፣ አባቷ ከድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ያያቸው ነበር፤ ለቅሶ ረግጠው ለመጡ ሰዎች ልጁን አይሰጥም። ቢገቡም ያው ነው፤ ገብተዋል። እኔ የተበላሸ ማሽን ሲያመጡልኝ ክሩ የቱ ጋ እንደተበጠሰ ሳላገኝ አላድርም። ይህን ግን ስንት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፤ የተበጠሰ ነገር የለውም። ሁሉም ልክ ነው። ጉልበታቸውን ስሜ አመስግኛቸው ወጣሁ።

አባቷ በዚያው እሁድ ለእነዚያ ሰዎች ቃል ሰጠ። ቃል ከተሰጠ በኋላ ሽማግሌ አይላክም።

እሷ ከዚያ በኋላ አንዴ መጣች፤ የታይፕ ፈተና ቀርቷት ነበር። ፈተናዋን ጨረሰችና ሌሎቹ እስኪወጡ ወረቀት ስታስተካክል ቆየች።

«ለቅሶ ቤት ገቡ አሉ፣ ሽማግሌዎችህ» አለችኝ። 

«ገቡ።»

«አባቴ ነገረኝ። ከየካ የመጡ ሦስት ጨዋ ሰዎች ለቅሶ ደረሱን ብሎ። ያላወቋትን አሮጊት አለቀሱላት ብሎ ሲያመሰግን ነበር።» መሳቅ ጀመረች። «ጠዋት ንፍሮውን ቀቅዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ታዲያ እኔው አይደለሁም ያበላኋቸው?» ሳቋ አላቆም አላት፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

«እኔ ላይ ነበርኩ» አልኳት። «ተራራው ላይ። አይቼሻለሁ።»

«እኔ ተራራውን አላየሁትም» አለችኝ። «መንገዱን ነበር የማየው።»

በኋላ አግብቻለሁ። ደህና ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማረው፤ ልጆቼንም እንደ ራሴ አድርጌ አሳድጌያለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። 

ያን የፈተና ቀን ግን ነጂዋ ኮምፒውተሩን ሳትጠይቀኝ ከፈተችው። የመጨረሻው ዘመቻ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ብረት ለቃሚዎቹን አሰማራሁ፤ ፋብሪካውን አዘዝኩ። እሷ ወደ ሸለቆው አልሄደችም። ታንኩን አዙራ ከጠላትም ከእኛም ቤት ወደሚርቀው፣ ሄደን ወደማናውቀው አቅጣጫ ነዳችው። «ወዴት ነው?» አላልኳትም። ኮረብታዎቹን በሰያፍ እየወጣች በሰያፍ እየወረደች ሄደች። ቀዩ ብርሃን ፊቷ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። የባሕር ዛፉ ሽታ ከሹራቧ ይመጣል። ከጎን የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ ባዶ ሣጥን ሲደራርብ ይሰማል።

አንድ ሜዳ ላይ ስንደርስ ታንኩ ቆመ። ዱላውን ወደፊት እንደገፋችው ነው፤ ሞተሩ ያጓራል፤ አይሄድም። ከፊታችን ምንም የለም፤ ሜዳው ይቀጥላል፤ ከሜዳው ወዲያ ሰማያዊ ተራሮች ይታያሉ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ካርታው እዚህ ጋ ያልቃል።»

«ተራራው'ኮ ይታያል።»

«ሥዕል ነው። አልተሠራም።»

ከኋላ የማስጠንቀቂያው ድምፅ መጮህ ጀመረ። ጠላት ቤታችን ገብቷል፤ ፋብሪካው እየነደደ ነበር፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየጠፉ ነበር።

«ልመልሳቸው?» አልኳት።

«ተዋቸው።»

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ። እሷ ዱላውን አልለቀቀችም። ታንኩ ያንን የማይታይ ነገር በግንባሩ እየገፋ፣ እያጓራ፣ አንድ ስንዝር ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ ነበር።

«ትንሽ እንቆይ» አለችኝ።

ቆየን።